ለበዓል ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ለበዓል ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ያስባል፤ የእናቱን ወይም የአክስቱን ወጥ ለመብላት፣ በስፌት የተሠራ መሶብ ወይም ሙዳይ ይዞ ለመመለስ፣ ለልጆቹም በዓሉን የሚያስታውስ አንድ ዕቃ ከዘመድ ቤት ለማግኘት። ሦስቱም የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ከአንዲት ሴት እጅ ነው። ወጡን የምትሠራው፣ ስፌቱን የምትሰፋው፣ ሣጥኑን ከፍታ የድሮውን ዕቃ የምታወጣው እርሷ ናት፤ ስለዚህ የእንግዳው ስህተት ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በእርሷ ትከሻ ላይ ነው። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አክስቴ ደግሞ ሐረር ይኖራሉ፤ ከሐረሪ ጎረቤቶቻቸው ጋር ስፌት ሲሰፉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሴት ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በእነዚህ ሁለት ቤቶች ሲፈጸሙ ያየኋቸው፣ ጥቂቶቹም እኔው የሠራኋቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ገና ጉዞው ሳይጀመር ሲሆን፣ እርሱም የጾሙንና የፍስኩን ቀን ሳያጣሩ ትኬት መቁረጥ ነው። ወደ አካባቢያችን ብዙ እንግዳ የሚመጣው ለቁልቢ ገብርኤል ነው። ክብረ በዓሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይውላል። ታኅሣሥ 19 ቀን ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ በሚጾመው በጾመ ነቢያት ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ገና ሊደርስ አሥር ቀን ይቀረዋል። ከንግሥ መልስ ዘመድ ቤት ጎራ ብሎ ዶሮ ወጥ እበላለሁ ብሎ ያሰበ ሰው የሚቀርብለት ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ ጎመንና የተልባ ፍትፍት ነው፤ እነዚህም በሚገባ ሲሠሩ ከማንኛውም የፍስክ ምግብ የማያንሱ ስለሆኑ፣ ቅር መሰኘቱን በፊቱ ማሳየት ባለቤቲቱን ያለ ጥፋቷ ማሳፈር ይሆናል። የፍስኩን ማዕድ የሚፈልግ ሰው የሐምሌውን ንግሥ ይምረጥ፤ ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን የሚፈታ፣ ጾመ ፍልሰታም ነሐሴ 1 ቀን የሚገባ በመሆኑ፣ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ እስካልዋለ ድረስ ቤቱ የፍስክ ነው።

በሐረር በኩል ያለው ስህተት ከዚህ የተለየ ነው። ለዒድ አል ፈጥር ወደ ሐረር የሚሄድ እንግዳ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይሸክፋል፤ ይሁንና ከተማዋ በልዩ ሁኔታ የምትደምቅበት በዓል ከዒድ በኋላ የሚጾሙት የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ የሚከበረው ሸዋል ኢድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ይህንኑ በዓል ነው። በእነዚያ ስድስት ቀናት ውስጥ የሚጠይቁት ቤተሰብ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ እየጾሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ በምሳ ሰዓት ደርሶ በር ማንኳኳት ተገቢ አይደለም። በማምሻው ከሄዱ ሳምቡሳውም፣ ከቡና ገለባ ወይም ከቅጠሉ ፈልቶ በወተት የሚጠጣው ሆጃም ይደርሳል፤ ጨዋታውም የሚረዝመው ያን ጊዜ ነው።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣው ስህተት በዋዜማው ደርሶ «ዛሬ ዶሮ ወጥ አሠራር አሳዩኝ» ማለት ነው። ዋዜማ የማስተማሪያ ቀን አይደለም። በዚያን ቀን ባለቤቲቱ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ እያማሰለች ለሰዓታት ታበስላለች፣ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ ደጋግማ ታጥባለች፤ ጥያቄ የምትመልስበት ጊዜ የላትም። መማር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይድረስ። እንጀራውን ብቻ ብንወስድ እንኳ፣ ዱቄቱ በእርሾ ከተቦካበት ቀን አንሥቶ አብሲቱ ተጥሎ እስኪጋገር ድረስ ቀናት ያልፋሉ፤ ምጣዱ ላይ ያለውን ብቻ ያየ ሰው ያየው የሥራውን መጨረሻ ነው። ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በድሬዳዋ ሙቀት ሊጡ ቶሎ ይቦካል፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በምትገኘው በሐረር ግን ይዘገያል። አክስቴ እኛ ቤት ሲመጡ ሊጡን በራሳቸው ቤት ቀን ቆጥረው ያቦኩትና ይኮመጥጥባቸዋል፤ እናቴም ሐረር ስትሄድ ቸኩላ ትጋግርና ዓይኑ አይወጣላትም። ይህን ልዩነት የሚነግረን የጽሑፍ መመሪያ የለም፤ ሊጡን በእጅ ነክቶና አሽትቶ የሚታወቅ ነው።

ስለ ስጦታ በአጭሩ ልናገር። በድሬዳዋ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ መኖር ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መገኘትም የተለመደ ነው። ሥጋ ግን እያንዳንዱ የሚበላው በየሃይማኖቱ የታረደውን ስለሆነ፣ ለማን ቤት እንደሚሄድ ሳይለዩ የተገዛ ሥጋ ወይም የታረደ ዶሮ ይዞ መግባት ባለቤቶቹን ያስጨንቃል፤ እምቢ ለማለትም ለመቀበልም ይቸገራሉ። ፍራፍሬ፣ ስኳር፣ ቡና ወይም ከሐረር የተገዛ ሐላዋና ሙሸበክ በማናቸውም ቤት ያለ ችግር ይገባል። ጊሽጣ በወቅቱ ከተገኘ እኔ ከሁሉ አስቀድመዋለሁ።

በጀጎል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ውስጥ ወዳለ የሐረሪ ቤት የሚገባ እንግዳ ደግሞ ያገኘው ከፍታ ላይ ዘሎ እንዳይቀመጥ ይጠንቀቅ። በባህላዊው ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉት መደቦች ከፍታቸው የተለያየ ሲሆን፣ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራ ወይም የተከበረ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ነው። ጫማ አውልቆ መቆም፣ «የት ልቀመጥ?» ብሎ መጠየቅ፣ በተመለከተው ቦታ መቀመጥ ይበቃል። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ስፌቶችም ለዕይታ ብቻ የተሰቀሉ አይደሉም፤ ከእናት ለልጅ የተሰጡ፣ በሠርግ ጊዜ የመጡ፣ እያንዳንዳቸው የመጡበት ምክንያት ያላቸው ናቸውና ሳይጠይቁ ማውረድም ፎቶ ማንሣትም ነውር ነው።

አሁን ወደ ስፌቱ እመለሳለሁ፤ እንግዶች አብዝተው የሚሳሳቱት በዚህ ነውና። ብዙ ሰው ከሱቅ ሲገዛ ተከራክሮ የለመደውን፣ ዘመዱ ከሰፋችው መሶብ ላይም ዋጋ ሊያስቀንስ ይሞክራል፤ አለዚያም «ለዘመድ ነው» ብሎ በነጻ ይጠብቃል። ስፌት የሚሠራው ስንደዶው እንደ ገመድ እየተጠማዘዘ በአክርማ ሲጠቀለልና እያንዳንዱ ዙር በወስፌ እየተበሳ ከፊተኛው ዙር ጋር ሲያያዝ ነው። አክርማው ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል፤ ጌጡ የሚወጣው ሰፊዋ በየዙሩ ቀለም እየለወጠች፣ ቁጥሩን በልቧ እየያዘች ስትሄድ ነው። አንድ ዙር ላይ ቁጥሩ ከተሳሳተ የላይኛው ጌጥ በሙሉ ስለሚዛባ መፍታትና እንደገና መስፋት ግድ ይሆናል። ባለ ክዳን ትልቅ መሶብ በቤት ሥራ መካከል፣ ከሰዓት በኋላ ባለው ትርፍ ጊዜ ብቻ ሲሰፋ ወራት ይፈጃል። አክስቴን ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ስጠይቃቸው «እኔ እንጃ ልጄ፣ ከመስቀል በፊት ነው የጀመርኩት» አሉኝ፤ መሶቡ የተጠናቀቀው ለፋሲካ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ከአንድ በዓል በፊት ማዘዝ፣ የአክርማውንና የቀለሙን ገንዘብ አስቀድሞ መስጠት፣ ሲረከብም ጎረቤት ከሚከፍለው ሳያሳንስ መክፈል አለበት። ዘመድነት የሚገለጠው ከዋጋው በላይ በሚጨመረው እንጂ ከዋጋው ላይ በሚቀነሰው አይደለም።

ከጀጎል ገበያ የሚገዛም ሰው ዓይኑን ይክፈት። በሣር ምትክ በፋብሪካ ክር የተጠቀለለ ስፌት አሁን በብዛት ይሸጣል፤ ቀለሙ ይደምቃል፣ ለመስፋትም ይፈጥናል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እርሱን መግዛት ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ እርሱን በአክርማ ስፌት ዋጋ መግዛት ነው። ስፌቱን አገላብጦ ከሥሩ ማየት፣ በጣት መዳሰስና ማሽተት ለመለየት ይረዳል። የሣሩ ስፌት ጠንከር ይላል፣ የደረቅ ሣር ሽታም አለው። ልብስ የሚያሰፋም ቢሆን፣ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ወዳገኘው ወደ መኪና ግርግር ሰፈር በበዓሉ ሳምንት ሳይሆን ቀደም ብሎ ይሂድ፤ በዓል ሲቃረብ ሰፊዎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል።

የተገኘውን ስፌት ማበላሸት ደግሞ ከመግዛቱ ይልቅ ቀላል ነው። እኔ ከአክስቴ የተሰጠኝን ሌማት ወጥ ስለነካው ብቻ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ በሳሙና አጥቤው፣ ቀዩ አለላ ወደ ነጩ ፈሰሰ፤ ሣሩም ውስጡ ሳይደርቅ ቀርቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሻገተ። ሌማቱን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም ይቆጨኛል። ስፌት የሚጸዳው በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ወዲያውኑ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ሲደርቅ ነው፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ቀለሙ ይለቃል፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ደግሞ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል።

ከሁሉ ከባዱ ስህተት በዕድሜ የገፉ ዘመዶችን የድሮ ዕቃ መለመን ነው። ባህላችን «ወሰድኩት» ያለን እንግዳ እምቢ ለማለት አይመችም፤ አንዲት አያት ከጋብቻዋ ቀን ጀምሮ የያዘችውን ሙዳይ የልጅ ልጇ «ይህን ብወስደውስ?» ሲላት ፈገግ ብላ ትሰጣለች፤ ሌሊቱን ግን ባዶውን ቦታ እያየች ታድራለች። አክስቴ ቤት ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ዕቃውን ከማመስገን አልፎ አለመጠየቅ፣ በጣም ከተወደደም ተመሳሳዩን ማሠራት ይሻላል። በእጅ የተጻፈ ቁርኣን፣ የብራና መጽሐፍ ወይም የጥንት የሐረር ሳንቲም ሲሆን ነገሩ ከቤተሰብ ጉዳይነት ያልፋል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለሆነ፣ ስጦታ ነው ማለት በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ አያድንም። የትኛው ዕቃ ምን ያህል ክብር እንዳለው ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቧቸው ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና የቤት ዕቃዎች የሚገኙበትን በጀጎል ውስጥ ያለውን ሙዚየም ቢጎበኝ ብዙ ይማራል።

ስንቅ በሚታሰርበት ጊዜ የሚደርሰው ጥፋት በአብዛኛው ከሙቀትና ከእርጥበት ይመጣል። ትኩስ እንጀራ በፕላስቲክ ታስሮ በድሬዳዋ ሙቀት ቢውል መሻገቱ አይቀርም፤ ለሩቅ መንገድ የሚሆነው ድርቆሽ ነው፤ የድሬዳዋ አየር ደረቅ ስለሆነ ድርቆሹ ቶሎ ይደርሳል። በርበሬ በሚገባ ሳይደርቅ ቢታሸግ ሻጋታው መርዝ ስለሚፈጥር ሸተት ያለውን በርበሬ ቆልቶ ለማዳን መሞከር አደገኛ ነው፤ መጣል አለበት። ቅቤው ውኃውና አጓቱ እስኪወጣለት ድረስ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በእርድ የተነጠረ ካልሆነ መንገድ ላይ ይበላሻል። የተነጠረውም ቢሆን የወተት ተዋጽኦ በመሆኑ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መንገደኛ ይዞት መግባት አይፈቀድለትም፤ ደረቅ ሥጋ ቋንጣም እንዲሁ ነው። እናት ደክማ ያነጠረችው ቅቤ በፍተሻ ላይ ሲጣል ከማየት አስቀድሞ «ይህ አይገባም፣ በርበሬውንና ሽሮውን ልያዝ» ብሎ መንገር የተሻለ ነው። ድልህና ማር በእጅ ሻንጣ ውስጥ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ ወደሚጫነው ሻንጣ ይግቡ።

የመጨረሻው ስህተት ዕቃውን ወስዶ ዕውቀቱን መተው ነው። «በእፍኝ ነው፣ እንዳየኸው ነው» የሚለውን መልስ ሰምቶ ዝም ማለት አይገባም። እኔ ባለፈው ዓመት አነስተኛ ሚዛን ይዤ ሄጄ፣ አክስቴ በእፍኛቸው ወደ ድስቱ ከመጨመራቸው በፊት እያንዳንዱን እንድመዝን ጠየቅኋቸው፤ መጀመሪያ ገርሟቸው ነበር፤ በኋላ ግን ራሳቸው እፍኛቸውን ሚዛኑ ላይ እየዘረጉ ይጠብቁኝ ጀመር። ያንኑ ቀን ማታ ከሰጡኝ ሙዳይ ውስጥ አንዲት ወረቀት አስገባሁ፤ በወረቀቷ ላይ ስማቸውን፣ ሙዳዩን የሰፉበትን ዓመትና የበርበሬውን ልክ ጻፍኩ፤ አክስቴም ወረቀቷን ተቀብለው አነበቡና፣ አክርማውን ከየት እንዳመጡት ጨምሬ እንድጽፍ መልሰው ሰጡኝ።