ኤክስኮም 2፦ የማምለጫ ሚሽን ላይ ስኳድህ ለምን ያልቅብሃል?

ኤክስኮም 2 የሚባለው በየተራ የሚጫወቱት የጦር ስልት ጌም በፈረንጆቹ 2016 ከወጣ ጀምሮ ተጫዋቹን ሁሉ የሚያንጨረጭር አንድ ነገር አለ። ቪአይፒውን (የምታስመልጠውን ሰው) ይዘህ ውጣ የሚልህ ሚሽን። ስክሪኑ ላይ የቀረው ዙር ይቆጠራል። ቁጥሩ ሲያልቅ ስካይሬንጀር (የሚወስድህ አውሮፕላን) ጥሎህ ይሄዳል፣ ያልወጣ ወታደርም አድቬንት (የጠላት ጦር) እጅ ይወድቃል። ብዙ ሰው በመጨረሻው ዙር በሳተው ጥይት ይናደዳል። እኔ ግን ነገሩ የሚበላሸው ገና በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ነው ባይ ነኝ፤ ከታች ያሉትን ችግሮች ስታይም መነሻቸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ችግር፦ ሁልጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዙር ያጥርሃል

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስኳዱ (የወታደሮችህ ቡድን) ገና ሳይታይ ተደብቆ ሳለ በፍርሃት ቀስ እያልክ ዙር ታባክናለህ፤ ተደብቀህም ቢሆን ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ሁለተኛው፣ ያየኸውን ጠላት ሁሉ ካልገደልኩ ትላለህ። ይህ ሚሽን ደግሞ ስንት ገደልክ ብሎ አይጠይቅህም።

መፍትሄው ከመውጫው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። አንድ ጀማሪ ወታደር በአንድ ሰማያዊ እንቅስቃሴ (በዙሩ ካለው ሁለት እርምጃ አንዱን ብቻ በሚበላው) ወደ 8 ካሬ ይሄዳል። እንበልና መውጫው 40 ካሬ ይርቃል፣ 6 ዙር ቀርቶሃል። በየዙሩ አንዴ ተንቀሳቅሰህ አንዴ ብትተኩስ 5 ዙር ይፈጅብሃል። ስለዚህ በእጅህ ያለው ትርፍ አንድ ዙር ብቻ ነው። አንድ! አንድ ሴክቶይድ (አእምሮ የሚይዝ የጠላት ፍጡር) ለመጨረስ አንድ ዙር ቆመህ ብትውል ያ ትርፍ ሄደ፣ ሌላ ዙር ከቆምክ ደግሞ መሣሪያህን ትተህ ሁለቱንም እንቅስቃሴ ለሩጫ የምታውልበት ዙር ይመጣል ማለት ነው፤ ሮጠህ የምታርፍበት ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ከለላ ያለው አይሆንም። ይህን ሂሳብ በየዙሩ መጀመሪያ ላይ ሥራው። ትርፉ ዜሮ ሲሆን ቆሞ መዋጋት አበቃ፣ የቀረው መንገድ ነው።

ሌላ ዙር የሚቆጥብ ነገር፦ ቪአይፒው እስር ቤት ከሆነ በሩን በስፔሻሊስት (ድሮን በሚያዝ ወታደር) ክፈት። ግሬምሊኑን (ድሮኑን) ከሩቅ ይልካል፣ ራሱ በሩ ድረስ መሄድ የለበትም።

ችግር፦ መውጫው አጠገብ ስትደርስ አዲስ ፖድ (አብሮ የሚንቀሳቀስ የጠላት ቡድን) ይነሳብሃል

በእኔ እምነት ስኳድ የሚጨርሰው ዋናው ነገር ይሄ ነው። ልብ ብለህ እይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፖዱን የሚቀሰቅሰው በዙሩ መጨረሻ ላይ የተንቀሳቀሰው ወታደር ነው። አምስቱ ተኩሰው፣ ተንቀሳቅሰው ጨርሰዋል። ስድስተኛውን “እስቲ ትንሽ ላስጠጋው” ብለህ በቢጫው መስመር (ሁለቱንም እርምጃ በሚበላው ሩጫ) ወደማታየው ቦታ ታስሮጠዋለህ። ሦስት ጠላት ያየዋል፣ ተበትነው ከለላ ይይዛሉ፣ አንተ ደግሞ የሚተኩስ ሰው አልቀረህም። ቀጣዩ ተራ የእነሱ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። በጣም ፊት የሚሄደውን ሰው የዙሩ መጀመሪያ ላይ፣ ያውም በሰማያዊ እንቅስቃሴ ብቻ ላከው። ጠላት ቢያስነሳ እንኳ ገና አምስት ሰው ሙሉ እርምጃ አለው። የተቀሩት እሱ ያለፈበትን፣ ቀድሞ የታየውን መንገድ ተከትለው ይሂዱ። ፋንተም የሚባለው ችሎታ ያለው ሬንጀር (አንዱ የወታደር ዓይነት) ካለህማ በጣም ጥሩ፤ ስኳዱ ሲታይ እሱ ተደብቆ ይቀራልና ፊት ፊት እየሄደ መንገዱን ያይልሃል። እሱን ለአንድ ጥይት ብለህ አታጋልጠው።

ችግር፦ ቪአይፒው በየመንገዱ ይመታል

ፊት ወይም መጨረሻ አድርገኸው ነው። መሃል ይሁን፣ ሁልጊዜም ሙሉ ከለላ ላይ ይረፍ። ግማሽ ከለላ 20 የመከላከያ ነጥብ ይሰጣል፣ ሙሉው 40፤ ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። የሚተኩሰው መሣሪያ ስለሌለው የተረፈውን እርምጃ ማጎንበሻው ላይ አውለው። መውጫው ላይ እንደደረሰ ደግሞ ሌላውን ሳትጠብቅ አስወጣው። ከወጣ ወዲያ ማንም አይነካውም።

ችግር፦ አንድ ሰው ወደቀ፣ ሁሉም ለእሱ ሲል ቀረ

እየደማ የወደቀ ወታደር ራሱ ላይ ስንት ዙር እንደቀረው ይታያል። ሜዲኪት (የሕክምና ዕቃ) ደሙን ያቆመዋል እንጂ አያስነሳውም። የግድ የሚሸከመው ሰው ያስፈልጋል፣ የተሸከመ ሰው ደግሞ መተኮስ አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ተኳሽህን አታሸክመው፤ ጥይቱን የጨረሰውን ወይም ቅርብ ያለውን ምረጥ። አንድ ሰው ይሸከም፣ አንድ ሰው ጭስ ቦምብ ይጣል፣ ሌላው ወደ መውጫው ይቀጥል። የሞተውንም መሸከም ይቻላል፤ የለበሰው የጦር ልብስና መሣሪያው አብሮት ይመለሳል። ግን ለሬሳ ብለህ በሕይወት ያለ ሰው አታስበላ።

ችግር፦ የአድቬንት ተጨማሪ ጦር አያልቅም

አያልቅም፣ ልክ ነህ። ቀዩ ምልክት የሚያርፉበትን ቦታ ቀድሞ ያሳይሃል። መውጫው በአንድ እርምጃ የሚደረስ ከሆነ ምልክቱን እንዳላየህ ሆነህ ውጣ። ካልሆነ ወደ እነሱ ሳትጠጋ ከለላ ይዘህ ኦቨርዋች (ጠላት ሲንቀሳቀስ መተኮስ) ግባ፤ አርፈው ሲንቀሳቀሱ ትመታቸዋለህ። ተከትለህ ግን አትሂድ።

ችግር፦ ሴክቶይዱ የአንዱን ወታደር አእምሮ ያዘ

ፍላሽባንግ፣ ማለትም የሚያደነዝዝ ቦምብ። ሴክቶይዱ ላይ ከጣልከው ወታደርህ ይለቀቃል፣ ሴክቶይዱም ግራ ተጋብቶ ይቀራል። መግደልም ያው ነው፣ ግን ጥይት ይስታል፣ ፍላሽባንግ አይስትም። የማምለጫ ሚሽን ላይ ቢያንስ አንድ ሰው ይያዘው፤ አእምሮው እንደተያዘ ሰዓቱ ያለቀበት ወታደር እዚያው ነው የሚቀረው።

ችግር፦ ይህን ሁሉ አድርገህም አንድ ሰው ቀረብህ

መጀመሪያ፣ ሴቭህን አታጥፋ። ተያዘ እንጂ አልሞተም። በኋላ እሱን ራሱን የምታስፈታበት ሚሽን ሊመጣልህ ይችላል፣ ሲመጣም ስሙና ማዕረጉ እንዳለ ነው። እስከዚያ ድረስ ቦታውን የሚሸፍን ሰው አሠልጥን፤ ጌሪላ ታክቲክስ ስኩልን (በካምፕህ የምትሠራውን የሥልጠና ክፍል) ካልሠራህ ሥራ፣ የስኳዱን ቁጥር ከአራት ወደ አምስት፣ ከዚያም ወደ ስድስት የምታሳድገው እዚያ ነው። አራት ሰው ይዞ የሚሸከምም የሚተኩስም ማግኘት ከባድ ነው፤ ስድስት ሆነህ ግን ሁለቱ ለወደቀው ቢቀሩ ሦስቱ መንገዱን ይከፍታሉ።