ደጋግሞ የመታጠብን ግዴታ በልምምድ ማላቀቅ

ኦሲዲ የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እጁ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ እንኳ የመቆሸሽ ሐሳብ አይለቀውም፤ ጭንቀቱን ለማብረድም ደጋግሞ ይታጠባል። መታጠቡ ለጊዜው ያሳርፈዋል፤ ነገር ግን «የዳንኩት በመታጠቤ ነው» ብሎ ስለሚደመድም በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ይብስበታል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክቶር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝ አገር ያቀረበው ሕክምና ከሐሳቡ ጋር አይሟገትም፤ ታማሚው የሚፈራውን ነገር እየነካ መታጠቡን እንዲተው ያለማምደዋል።

በመጀመሪያ የሚያስፈሩዎትን ነገሮች ይጻፉና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የጭንቀት ነጥብ ይስጡ። የቤትዎን መቀርቀሪያ መንካት 30፣ ባጃጅ ተሳፍሮ ብረቱን መያዝ 50፣ ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ ብር በቆጠሩበት እጅ የክት ነጠላዎን ማንሣት 80 ሊሆን ይችላል። ከሚቻልዎት ጀምረው በየቀኑ ይለማመዱ። ከነኩ በኋላ አይታጠቡ፣ በልብስዎም አይጥረጉ፣ «ምንም አይደለም» እያሉ በልብዎ ራስዎን አያባብሉ፤ ይህ የመጨረሻው ድብቅ ስለሆነ ብዙዎችን ያሰናክላል። ጭንቀቱ ቶሎ ባይወርድም ልምምዱ ከንቱ አይደለም፤ የሚፈለገው ጥርጣሬውን ተሸክሞ መዋል እንደሚቻል መማር ነው። እንጀራ ከመቁረስዎ በፊት ግን እንደማንኛውም ሰው አንድ ጊዜ ይታጠቡ።

የውኃ እጥረት ባለባት ጎንደር የጀሪካኑ ውኃ በእጅ መታጠብ ሲያልቅ ቤተሰብ ቢቆጣ አያስደንቅም፤ ቁጣው ግን ጭንቀቱን ያባብሳል እንጂ አያድንም። ልጅዎ «እማዬ፣ እጄ ጸድቷል?» ብሎ ደጋግሞ ሲጠይቅም «አዎ» የሚለው መልስ ራሱ ሕመሙን ይመግበዋል። አስቀድመው ከልጅዎ ጋር ተስማምተው «እንደከበደህ አያለሁ፤ ይህን ግን ላልመልስ ተነጋግረናል» ይበሉት።

በቅዳሴ መካከል የስድብ ሐሳብ እየመጣባቸው ያንኑ ነገር ደጋግመው የሚናዘዙም አሉ። ሐሳቡ ሳይፈልጉት የሚመጣ የዚሁ ሕመም ምልክት ነው፤ ስለዚህ ሕመሙን ለንስሐ አባትዎ አስረድተው አንዴ የተናዘዙትን ላለመድገም ቢስማሙ፣ እምነትዎ ሳይነካ ልምምዱ ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ በባለሙያ እየተመሩ ቢያደርጉት እጅግ ይመረጣል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሐኪሙ እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ መድኃኒት ካዘዘልዎት ለውጡ ለመታየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡት። ራስዎን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ከቤተሰብ ጋር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።