የሠራተኞቻችሁን ስልክ በወረቀት ያዙ

ድሬዳዋ ውስጥ ሱቅም ሆነ ድርጅት ያላችሁ፣ ረብሻ ቢነሳ እንዳትጠፋፉ የሠራተኞቻችሁንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን ስልክ ዛሬውኑ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ በቴሌግራም ብቻ የሚገናኝ ሰው መላው ጠፍቶት ነበር።

ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም አጠገብ ቤቱ ከተማውን ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑን አመልክቱ። መሻገሪያው ከተዘጋ ከዚራ ሰፈር የሚሠራ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የመጋላ ልጅ እንዴት ቤቱ ይገባል? የረብሻው ወሬ ገና ሲሰማ፣ ባጃጅ ሳይጠፋ፣ ማዶ ተሻጋሪዎቹን አስቀድማችሁ ልቀቁ፤ ለመሳፈሪያ የሚሆን ዝርዝር ብርም ለይታችሁ አስቀምጡ። ሱቁን ለመዝጋት ሁለት ሰው ይበቃል።

እባካችሁ፣ ሠራተኛው በረብሻ ምክንያት ከሥራ የቀረበትን ቀን ከደመወዙ አትቁረጡ። ይቆረጥብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ተኩስ እየሰማም ከቤቱ ይወጣል።