የባንክ ዘረፋ ፊልም ስንተች የምንስታቸው ነገሮች

ጎንደር ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ፊልም ተቺ ነው፤ ይህ ደግሞ ደስ ይላል። በአነስተኛ በጀት የተሠራ የባንክ ዘረፋ ፊልም ሲነሳ ግን ክርክሩ በታወቁ ቦታዎች ይሰናከላል። አስተያየታቸውን በጽሑፍ ማስፈር ለጀመሩ ወጣቶች እነዚህን ስህተቶች ማወቁ ይጠቅማል።

ትልቁ ስህተት ለበጀቱ ማዘን ነው። «በዚህች ገንዘብ ይህን መሥራታቸው ይመሰገናል» ማለት ምጽዋት እንጂ ሂስ አይደለም። «ዘረፋውን እንኳ በወጉ አላሳዩንም» የሚለው ወቀሳም ከዚሁ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣውን «ጋን ክሬዚ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ይመልከቱ። ወንዱ ባንኩን ሊዘርፍ ሲገባ ካሜራው አይከተለውም፤ መኪናው ውስጥ ቀርቶ፣ ሴቲቱ ውጭ ከቆመው ፖሊስ ጋር የምታደርገውን ጨዋታ ያሳየናል። የባንክ አዳራሽ መሥራትና በተዋናይ መሙላት ቀረ፤ ጭንቀቱ ግን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው የጀርመን ፊልም «ቪክቶሪያ» 138 ደቂቃውን ሙሉ ባልተቆረጠ አንድ ቀረጻ ዘልቆ፣ በዘረፋው ሰዓት እሱም ከሾፌሯ ጋር መኪና ውስጥ ይቀራል። የካሜራ ባለሙያው በበርሊን ፌስቲቫል «የብር ድብ» የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ስለዚህ ጥያቄው ገንዘብ ማነሱ ምን ዓይነት መላ አስፈጠረ፣ መላውስ ሠራ ወይ የሚለው ነው።

ሁለተኛው የቁጥር ስህተት ነው። የተቺዎችን አስተያየት በሚሰበስበው ድረ ገጽ በሮተን ቶሜቶስ ላይ 60 በመቶ ማለት ፊልሙ ከመቶ 60 ነጥብ አገኘ ማለት አይደለም፤ ከመቶ ተቺዎች 60ዎቹ ወደዱት ማለት ነው። ሁሉም «ምንም አይል» ያሉት ፊልም 100 ሊያገኝ ይችላል። ትንሽ ፊልም ደግሞ ተቺውም ጥቂት ነው፤ የጻፉት አሥር ከሆኑ የአንድ ሰው ኩርፊያ አሥር ነጥብ ይወስዳል።

«ባንክ እንዲህ አይዘረፍም» የሚለውም አለ። ባንክ የሚሠራ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ ብቻ እንደማይከፈት ይነግረናል፤ እውነቱንም ነው። ይሁን እንጂ ፊልም የባንክ መመሪያ አይደለም። ፊልሙ ራሱ «ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል» ብሎ ግማሽ ሰዓት ካስጨነቀን በኋላ በአንዱ ቢከፍተው ግን ያለ ምሕረት ይተች።

ምስሉ ደበዘዘ እያሉ ድምፁን መርሳትም የተለመደ ነው። ድሃ ፊልም የሚጋለጠው አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ ነው፦ ሹክሹክታው እንደ ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፣ በሩ ሲዘጋ ክብደት የለውም። ይህን ለመፍረድ ግን ባጃጅ ውስጥ በስልክ ማየት አይበቃም።

የፊልሙ ከሃዲ ማን እንደሆነ በሂሳቸው ርዕስ ላይ ለሚጽፉ ደግሞ ምክር የለኝም።