ፊልምን ከኮምፒውተር ወደ ፕሌይስቴሽን፦ ያለ ፍላሽ፣ ያለ ኢንተርኔት ፓኬጅ

በቱሉ ዲምቱም ሆነ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ቤት ውስጥ ፊልም የሚጓዘው በፍላሽ ነው። ልጁ መኝታ ቤት ካለው ኮምፒውተር ይገለብጣል፣ ሳሎን ወስዶ የጌም ማጫወቻው ላይ ይሰካል፣ ፍላሹ ሲሞላ ተመልሶ ያጠፋል፣ እንደገና ይገለብጣል። ኮምፒውተሩና ማጫወቻው አንድ ራውተር ላይ ከተገናኙ ግን ይህ ሁሉ ምልልስ ይቀራል፤ ፊልሙ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተቀመጠ ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ይታያል። ሰዎች ይህን የማይሞክሩት አብዛኛውን ጊዜ «ፓኬጅ ይበላል» ብለው ስለሚሰጉ ነው። አይበላም። ፊልሙ ከኮምፒውተር ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ማጫወቻ ይሄዳል እንጂ ከቤት አይወጣም። ወርኃዊ ክፍያው ያለቀበት ራውተር እንኳ መብራት እስካለ ድረስ ይህን ሥራ ይሠራል።

መሣሪያዎቹ የሚግባቡበት ስምምነት ዲኤልኤንኤ ይባላል። ሶኒና ኢንቴል ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆነው በ2003 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙት ማኅበር የወጣ ነው። ማኅበሩ በ2017 ፈርሷል፤ ስምምነቱ ግን በየዕቃው ውስጥ ቀርቶ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ኮምፒውተሩ ሰርቨር ሆኖ ያሉትን ፊልሞች ይዘረዝራል፣ ማጫወቻው ዝርዝሩን ተቀብሎ የመረጡትን ይጠይቃል።

የትኛው ማጫወቻ?

ከሰፈር ጌም ቤቶች ዘመኑ አልፎበት በርካሽ የሚሸጠው ፕሌይስቴሽን 3 ለዚህ ሥራ የማይናቅ ዕቃ ነው። ዲኤልኤንኤ አብሮት የተሠራ ስለሆነ የሚወርድ ነገር የለም። ፕሌይስቴሽን 4 «ሚዲያ ፕሌየር» የሚባል ነጻ መተግበሪያ ይፈልጋል፤ መተግበሪያው የወጣው በ2015 ሲሆን ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለማውረድ ነው። ኤክስቦክስ ዋንና ከዚያ በኋላ የመጡትም እንዲሁ የራሳቸው ሚዲያ ፕሌየር አላቸው፤ ቪኤልሲ የተባለውን ነጻ የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራምም መጫን ይቻላል። ኤክስቦክስ 360 ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከመሰካትዎ በፊት የአዳፕተሩን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 127 ቮልት የሚል ከሆነ ለእኛ 220 ቮልት አልተሠራምና ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ከሁሉ የሚገርመው ፕሌይስቴሽን 5 ነው፤ አዲሱና ውዱ እሱ ሆኖ ሳለ ዲኤልኤንኤ አያውቅም። ባለቤቱ ፕሌክስ የተባለውን መተግበሪያ በኮምፒውተሩም በማጫወቻውም ላይ ጭኖ በእሱ በኩል መሄድ ይኖርበታል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት የፕሌይስቴሽን 3 እና 4 ጉዳይ ነው።

መስመሩ

ምርጫ ካለዎት ኬብል ያድርጉት። ሁለት ሰዓት የሚፈጅና 4 ጊጋባይት የሚመዝን ፊልም በአማካይ በሰከንድ 4.5 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል፤ ያው ፊልም 10 ጊጋባይት ከሆነ 11 ሜጋቢት ገደማ። ይህ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ፕሌይስቴሽን 3 የሚያውቀው በወረቀት ላይ 54 ሜጋቢት የሚባለውን የድሮውን ዋይፋይ ብቻ ነው፤ በተግባር የሚገኘው ከግማሹም ያነሰ ነው፤ እሱንም የብሎኬት ግድግዳና የጎረቤት ራውተሮች ይሻሙበታል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የሚይዘው የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። ስሊምና ፕሮ የሚባሉት ግን 5 ጊጋኸርዝም ይይዛሉ፤ ሕንጻው በራውተር በተጨናነቀበት ቦታ የተሻለው ይህ ነው፣ ግድግዳ ሲበዛበት ቢደክምም።

ግቢ ያለው ቤት ከሆነና ኮምፒውተሩ በዋናው ቤት፣ ማጫወቻው ደግሞ ልጆቹ በሚያድሩበት ሰርቪስ ቤት ካለ፣ በዋይፋይ አይድከሙ። ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ የሚሸጡት ሱቆች በሜትር ቆርጠው ጫፉን ገጥመው ይሰጣሉ። ከቤት ወደ ቤት በግቢ የሚያልፈውን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያሳልፉት፣ አለበለዚያ ፀሐዩ ሽፋኑን ይበላዋል። ክረምት መብረቅ ሲበዛ ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉት።

ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት

በዊንዶውስ 10 እና 11 የመጀመሪያው ሥራ የተገናኙበትን ኔትወርክ «ፕራይቬት» ማድረግ ነው። «ፐብሊክ» ሆኖ ከቀረ ኮምፒውተሩ ራሱን ከሌሎች መሣሪያዎች ይደብቃል፤ «ሁሉን አድርጌ አልታይ አለ» የሚሉ ብዙዎች ችግራቸው እዚህ ነው። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተርን፣ ከእሱም በግራ በኩል ሚዲያ ስትሪሚንግ ኦፕሽንስን ከፍተው «ተርን ኦን» የሚለውን ይጫኑ። ፊልሞቹን «ቪዲዮስ» ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ።

ይህ ለሙከራ በቂ ነው፤ ለዘለቄታው ግን አልመክረውም። ማጫወቻው የማያውቀው ዓይነት ፋይል ሲገጥም የዊንዶውሱ ሰርቨር ብዙም አይረዳዎትም። ዩኒቨርሳል ሚዲያ ሰርቨር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑ። ማጫወቻው ምን ዓይነት እንደሆነ ለይቶ፣ የማይችለውን ፊልም እዚያው እያጫወተ ወደሚችለው ዓይነት ይቀይርለታል። ከጫኑ በኋላ ፊልም ያለበትን ፎልደር ይጠቁሙት፤ ፋየርዎሉ (የዊንዶውስ የኔትወርክ ጥበቃ) ፈቃድ ሲጠይቅ እሺ ይበሉ። ከዚያ ወደ ዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ገብተው ኮምፒውተሩ መብራት ላይ ሲሰካ እንዳይተኛ ያድርጉ። ስክሪኑ ቢጠፋ ችግር የለውም፤ ኮምፒውተሩ ከተኛ ግን ፊልሙ መሃል ላይ ይቆማል።

በማጫወቻው በኩል ሥራው ጥቂት ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ ሚዲያ ሰርቨር ኮኔክሽን ገብተው «ኢነብልድ» ያድርጉ፤ ከዚያ በቪዲዮ ዓምድ ሥር «ሰርች ፎር ሚዲያ ሰርቨርስ» የሚለውን ይምረጡ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሚዲያ ፕሌየርን ሲከፍቱ ሰርቨሩ በስሙ ይመጣል።

ፊልሙ ሲታይ ግን «አልችልም» ሲል

የፋይሉን ስም መጨረሻ፣ ማለትም ኤምኬቪ፣ ኤምፒፎር፣ ኤቪአይ የሚለውን፣ እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ይቁጠሩት፤ እህሉ ውስጡ ያለው ምስልና ድምፅ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 የኤምኬቪን ከረጢት መፍታት አያውቅም፣ ውስጡ ያለው ኤች.264 በሚባለው ዓይነት የታመቀ ምስል ግን በደንብ ይስማማዋል። እንዲህ ያለውን ፋይል ከረጢቱን ብቻ መቀየር ይበቃል፦ ኤቪዲመክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ምስሉንም ድምፁንም «ኮፒ» ላይ አድርገው በኤምፒፎር ያስቀምጡት። ምስሉ ስለማይነካ ጥራቱ አይቀንስም፣ ሥራውም በደቂቃዎች ያልቃል። ድምፁ ዲቲኤስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን እሱን ብቻ ኤኤሲ ወደሚባለው ዓይነት ይቀይሩ፤ አለበለዚያ ዝምተኛ ፊልም ሊደርስዎት ይችላል።

በፕሌይስቴሽን 4 ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኤምኬቪን ይፈታል፣ እህሉ ኤች.265 ከሆነ ግን አይቀምሰውም። በስማቸው ላይ ኤክስ265 ወይም ኤችኢቪሲ የሚል ያለባቸው ፊልሞች እነዚህ ናቸው፤ በትንሽ መጠን ብዙ ጥራት ስለሚይዙ እየበዙ መጥተዋል። ዩኒቨርሳል ሚዲያ ሰርቨር እያጫወተ ይቀይራቸዋል፤ ይሁንና አሮጌ ላፕቶፕ እንዲህ ያለውን ሥራ አይችለውም፣ ማራገቢያው እየጮኸ ምስሉ ይቆራረጣል። ከሁለት ቅጂ መምረጥ የሚችሉ ከሆነ መጠኑ ቢበልጥም ኤች.264 የሆነውን ይውሰዱ።

ለፕሌይስቴሽን 3 ሰርቨሩ ፊልሙን ሲቀይር ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ኤምፔግ-2 የተባለውን የቆየ ዓይነት ነው፤ ይህ ደግሞ ለተመሳሳይ ጥራት ከመጀመሪያው ፋይል ይበልጥ ይሰፋል። በዋይፋይ ሳይቀየር ያለ እንከን ሲታይ የነበረ ፊልም፣ የትርጉም ጽሑፍ ሲጨመርበት (ያኔ ሰርቨሩ ይቀይረዋልና) መንተባተብ የሚጀምረው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ኬብል ነው፤ ኬብል ከሌለ በሰርቨሩ ቅንብር ውስጥ ከፍተኛውን የቢት መጠን ዝቅ ያድርጉ።

የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ

የውጭ ፊልም ለወላጆቻቸው በአማርኛ ተርጉመው የሚያሳዩ ልጆች አሉ፤ እዚህ ላይ ማጫወቻው ብቻውን አያዛልቅም። ፕሌይስቴሽን 3 ከሰርቨር የሚመጣን ፊልም ለብቻው ከተቀመጠ የትርጉም ፋይል ጋር አያገናኝም፤ ስለዚህ ጽሑፉን ምስሉ ላይ የሚያትመው ሰርቨሩ መሆን አለበት። የትርጉሙን ኤስአርቲ ፋይል ከፊልሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ስም ያስቀምጡ። በኖትፓድ ከፍተው «ሴቭ አዝ» ሲሉ ከታች «ኢንኮዲንግ» በሚለው ቦታ ዩቲኤፍ-8 ይምረጡ፤ ይህ ካልሆነ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ክምር ይሆናል። ጽሑፉ በባዶ ሳጥኖች ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የፎንት ነው። በሰርቨሩ የትርጉም ጽሑፍ ቅንብር ውስጥ የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት ይጠቁሙ፦ ኤብሪማ በዊንዶውስ 10 ውስጥ አለ፣ ለዓይን የሚያምረው ኒያላ ደግሞ ከዊንዶውስ ተጨማሪ ፎንቶች መካከል ይጫናል። ዩኒቨርሳል ሚዲያ ሰርቨር «ትራንስኮድ» የሚል ፎልደር አለው፤ ፊልሙን በየትኛው ድምፅና ትርጉም ማየት እንደሚፈልጉ የሚመርጡት እዚያ ነው። ካልታየዎት ከቅንብሩ ያብሩት።

ደጋግመው የሚያዩት ፊልም ከሆነ ጽሑፉን ለዘለቄታው ማተም ይሻላል። ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ውስጥ ፊልሙን ከፍተው፣ በሰብታይትል ክፍል የኤስአርቲውን ፋይል አስገብተው «በርን ኢን» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። አሮጌ ኮምፒውተር ሰዓታት ይፈጅበታል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራልና ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ ለዚህ ከዴስክቶፕ ይመረጣል።

ሰርቨሩ ጨርሶ ካልታየ

ሁለቱም መሣሪያዎች አንድ ራውተር ላይ ሆነው ካልተያዩ፣ አንዱ «ገስት» በሚለው ዋይፋይ ገብቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ የእንግዳው ዋይፋይ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርግ ነው። መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላም ራውተሩ ተነሥቶ እስኪረጋጋ ጥቂት ይጠብቁና በማጫወቻው እንደገና ይፈልጉ።

ራውተር የሌለው ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የስልክ ሆትስፖት ነው፤ የሞባይል ዳታውን አጥፍተው ኮምፒውተሩንም ማጫወቻውንም ከስልኩ ጋር ያገናኙ፣ አንዳንድ ስልክ ግን የተገናኙትን እርስ በርስ አያስተያይም። ሁለተኛውና አስተማማኙ ኮምፒውተሩን ከማጫወቻው ጋር በአንድ የኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ማገናኘት ነው። በኮምፒውተሩ አድራሻውን 192.168.10.1፣ በማጫወቻው 192.168.10.2 ብለው በእጅ ይስጡ፤ ሰብኔት ማስክ የሚለው በሁለቱም 255.255.255.0 ይሁን። ማጫወቻው ጌትዌይና ዲኤንኤስ ከጠየቀ የኮምፒውተሩን አድራሻ ይጻፉ። መጨረሻ ላይ የኢንተርኔት ሙከራው «አልተሳካም» ይላል፤ አይደንግጡ፣ ኢንተርኔት አልፈለግንም። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ግንኙነት «ፐብሊክ» ስለሚለው ዩኒቨርሳል ሚዲያ ሰርቨርን በፋየርዎሉ ለፐብሊክም ይፍቀዱለት።

አንድ ራውተር ከጎረቤት ጋር ተካፍለው የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ የእርስዎ ሰርቨር በእነሱም ቴሌቪዥን ላይ በስሙ ይመጣል። በዊንዶውስ ሚዲያ ስትሪሚንግ ኦፕሽንስ ውስጥ ሁሉንም መሣሪያ ከልክለው ለራስዎ ማጫወቻ ብቻ ይፍቀዱ፤ በዩኒቨርሳል ሚዲያ ሰርቨርም የሰርግና የቤተሰብ ቪዲዮ ያለበትን ፎልደር አይጠቁሙት፣ ለፊልሞቹ ብቻ የተለየ ፎልደር ይክፈቱ።