ጂ-ቱ 2 አልሞላ ሲል

የሩቢዲየም አቶሞችን አቀዝቅዛችሁ በ780 ናኖሜትር ሌዘር ስትመቱ፣ ደመናው የሚበትነው ብርሃን የሌዘሩን ጠባይ አይይዝም። ሞገዶቹ ከየአቶሙ በየራሳቸው ፌዝ (የሞገድ ከፍና ዝቅ ተራ) ስለሚመጡ ድምሩ አንዴ ያብጣል፣ አንዴ ይከስማል። ፎቶኖቹም፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶቹ፣ ተጠጋግተው ይደርሳሉ። ሳይንቲስቶቹ ሃንበሪ ብራውንና ትዊስ እ.ኤ.አ. በ1956 እንዳደረጉት ብርሃኑን ለሁለት ዲቴክተር (የብርሃን መቁጠሪያ) አካፍላችሁ በሁለቱ ላይ የገጠሙትን ምቶች ቁጠሩ። ጂ-ቱ የሚባለው ቁጥር፣ ማለትም የገጠሙት ምቶች በአጋጣሚ ከሚጠበቀው ስንት እጥፍ እንደሆኑ የሚነግረው፣ ዜሮ መዘግየት ላይ (ሁለቱ ምቶች እኩል ሲደርሱ) 2 መሆን አለበት፤ መዘግየቱ ሲረዝም ወደ 1 ይወርዳል። ካልሆነስ?

1.5 ላይ ቆመ። ጥሩ ምልክት ነው፤ ጥፋተኛውን ራሱ ይጠቁማል። እኩል የሆኑ ኤም ሞዶች (ለየብቻቸው የሚዋዥቁ የብርሃን ክፍሎች) ሲቀላቀሉ ውጤቱ 1 ሲደመር 1 ሲካፈል ለኤም ነው። 1.5 ማለት ሁለት ሞድ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ፖላራይዜሽኖች (የሞገዱ የንዝረት አቅጣጫዎች)። ዲቴክተሮቹ ፊት አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ፖላራይዘር አስገቡ፣ አለቀ።

1.1 አካባቢ ነው። መልቲሞድ (ብዙ ሞድ የሚያሳልፍ) የብርሃን ፋይበር ተጠቅማችኋል? ብዙ ብርሃን ስለሚሰጥ ያጓጓል፤ ግን ሞዶቹን ሁሉ አግበስብሶ ዜሮ መዘግየት ላይ ያለውን ጫፍ ያወርደዋል። በሲንግል ሞድ ቀይሩት። ቆጠራው ያሽቆለቁላል፤ ምን ይደረግ፣ ረዘም አድርጎ መሰብሰብ ነው። ፋይበሩ ደህና ከሆነ ከቫክዩም መስኮቱ የተንጸባረቀ ሌዘር ጠርጥሩ። አቶሞቹን የያዘውን የማጥመጃ መግነጢስ ዘግታችሁ አቶሞቹ እስኪበተኑ ጠብቁና ሌዘሩን ብቻ ለኩ። ቆጠራው ወደ ዲቴክተሩ የጨለማ ቆጠራ (ያለ ብርሃን ወደሚቆጥረው) ካልወረደ፣ የሚገባው እሱ ነው።

ጫፉ ጭራሽ የለም። ጉዳዩ የፍጥነት ነው። በ100 ማይክሮኬልቪን የብርሃኑ ትስስር፣ ማለትም ጫፉ የሚቆይበት ጊዜ፣ 1 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። በክፍል ሙቀት ያለ ጋዝ ውስጥ ግን አቶሞቹ ስለሚሮጡ ወደ ግማሽ ናኖሰከንድ ያጥራል፤ ዘገምተኛ ዲቴክተር አያየውም። ፈጣን ዲቴክተር አምጡ፣ ወይም አቀዝቅዙ።

ጅራቱ፣ ማለትም ረጅም መዘግየት ላይ ያለው ቁጥር፣ ከ1 በላይ ቀረ። የሌዘሩ ኃይል ወይም የአቶሞቹ ብዛት ቀስ እያለ ይዋዥቃል። አረጋጉት፤ ዳታውንም በአጫጭር ክፍል ከፋፍላችሁ አስሉ።

ዜሮ ላይ ጉድጓድ አለ። ወዲያው ግኝት ብላችሁ አትጨፍሩ። ኪምብል፣ ዳገኔና ማንደል እ.ኤ.አ. በ1977 ያዩት ጉድጓድ የጥቂት አቶሞች ነበር። ኤን ነጠላ አቶሞች ሲሆኑ ጂ-ቱ ዜሮ ላይ 2 ሲቀነስ 2 ሲካፈል ለኤን ነው፤ በ1,000 አቶም 1.998። የእናንተው ጉድጓድ ምናልባት በአንድ ዲቴክተር ብቻ ስለለካችሁ ነው፤ ዲቴክተር ከእያንዳንዱ ምት በኋላ በአስሮች ለሚቆጠሩ ናኖሰከንዶች ይደነዝዛል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶም ቁጥሩ እምቢ ካለ፣ ደመናውም ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ፣ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ከፓሪስ ወጣ ባለችው ፓሌዞ እንዲህ ያለ ልዩነት ተለክቷል። ያኔ ጂ-ዋንንም፣ ማለትም የብርሃኑ ሞገድ ከተወሰነ መዘግየት በኋላ ከራሱ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያሳየውን ቁጥር፣ ለብቻው ለኩ። ጂ-ቱ ከ1 ሲደመር የጂ-ዋን ካሬ ጋር ካልገጠመ፣ ያን ጊዜ መጻፍ ጀምሩ።