ስለ አቦርጂናል ሕዝቦችና ስለ መሬታቸው ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አውስትራሊያ ውስጥ፣ በሜልበርን ከተማ፣ ስብሰባ ሲከፈት ወይም የዜግነት መሐላ ሲፈጸም አንድ ሰው ይነሳና የቦታውን ቀደምት ባለቤቶች፣ ከአገሩ ነባር (አቦርጂናል) ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የዉሩንጀሪን ሕዝብና ሽማግሌዎቻቸውን፣ በክብር ያነሳል። ብዙዎቻችን በዚያች ደቂቃ ስልካችንን እንነካካለን። እኔም ያው ነበርኩ። በኋላ ጉዳዩን ማንበብ ስጀምር፣ አውቃለሁ ከምለው ውስጥ ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘሁት። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉንም አንድ ሕዝብ አድርጎ ማየት

እንግሊዞች በ1788 መጥተው ሲሰፍሩ በአህጉሩ ላይ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። የሲድኒው ጋዲጋል፣ የፐርዙ ኑንጋር፣ የኡሉሩው አናንጉ የየራሳቸው ሕግና ወሰን አላቸው። ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያሉት የቶረስ ሰርጥ ደሴቶች ሰዎች ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሕዝብ ናቸው። የሚያወሩት ስለ ማን እንደሆነ ካወቁ በስማቸው ይጥሯቸው።

«ካንትሪ» ሲሉ ርስት ማለታቸው ነው ብሎ ማሰብ

ለእኛ የሚቀርበን ቃል ርስት ነው። ቅድመ አያት ተቆጥሮ፣ ዳኛ ፊት ተሟግቶ የሚገኝ ድርሻ። እነሱ ካንትሪ ሲሉ ግን አፈሩን፣ ውሃውን፣ ሰማዩን፣ እንስሳውን፣ የቀደሙትን አባቶችና ታሪኩን አንድ ላይ ነው። ያናግሩታል፣ ይዘፍኑለታል፣ ሲጎዳ ያዝኑለታል። ብዙ ሽማግሌዎች «መሬቱ የእኛ ሳይሆን እኛ የመሬቱ ነን» ይላሉ። ርስት ድርሻ ከሆነ ካንትሪ ዘመድ ነው በሉት። ዘመድ ደግሞ ካልጠየቁት ይቀየማል።

ለዚህም ነው በሰው ካንትሪ ላይ ማንም ተነስቶ የማይናገረው። «እንኳን ወደ ካንትሪያችን መጣችሁ» ማለት የሚችለው የዚያ ቦታ ባለቤት የሆነ ሰው ብቻ ነው። እኛ እንግዶቹ የምንችለው ባለቤቶቹን በክብር ማንሳት ነው። የኮሚኒቲ ዝግጅት መሪዎች ሁለቱን ሲያምታቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

«ማቦ መሬቱን አስመለሰላቸው» ብሎ ማለፍ

ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ እንላለን። እዚያ ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አልሆነም። ስለ መሬት መብት መንግሥትን ፍርድ ቤት ያቆመው ኤዲ ማቦ ራሱ የቶረስ ሰርጥ ሰው ነው፤ ክርክሩም ስለ ትውልድ ደሴቱ ስለ ሜር ነበር። ጁን 3 ቀን 1992 ከፍተኛው ፍርድ ቤት «አህጉሩ ባለቤት ያልነበረው መሬት ነበር» የሚለውን አሮጌ ሐሳብ ውድቅ አደረገ። ማቦ ግን በዚያው ዓመት በጃንዋሪ አርፎ ነበር፤ ፍርዱን አልሰማም። ከፍርዱ ቀጥሎ በ1993 የወጣው የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት ሕግም ቢሆን ሙሉ ባለቤትነት አይሰጥም። የግል ይዞታ የሆነ መሬት ላይ መብቱ ቀርቷል። ማዕድን አውጪ ሲመጣ ደግሞ የመደራደር መብት እንጂ እምቢ የማለት መብት የለም። እምቢ ማለት የሚያስችለው በሰሜኑ ግዛት፣ በኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ የሚሠራው የ1976 የመሬት ሕግ ነው።

የተፈጥሮ ጥበቃ ማለት ሰውን ማስወጣት ነው ብሎ ማሰብ

እኔን በጣም ያስገረመኝ ይሄኛው ነው። ለእኛ ጫካ ላይ እሳት የለቀቀ ሰው ጥፋተኛ ነው። በሰሜን አውስትራሊያ፣ አርነም ላንድ ላይ ግን እሳት የማይለቅ ሰው ነው መሬቱን የበደለው። ዝናቡ አልፎ ሣሩ ገና እርጥበት ሳይለቀው፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ እሳት ይለኩሳሉ። እሳቱ ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ዛፉን ሳይነካ ደረቅ ሣሩን ይበላል። እንስሳትም ማምለጫ አያጡም። የበጋው መጨረሻ ሲደርስ ትልቁ እሳት የሚበላው አያገኝም።

ባለፈው ክፍለ ዘመን ሰዎቹ መሬታቸውን ለቀው ወደ ሚሲዮኖችና ወደ ከተሞች ሲገቡ የሚለኩስ ጠፋ። ቀጥሎ የመጣው ለሳምንታት የሚነድ ሰደድ እሳት ነበር። በ2006 ሽማግሌዎችና ሳይንቲስቶች አብረው ምዕራብ አርነም ላንድ ላይ የድሮውን አሠራር መለሱት። የካንትሪው ጠባቂዎች ዛሬ በእግርም በሄሊኮፕተርም ይለኩሳሉ፤ ጭሱ ስለሚቀንስም፣ የጋዝ ልቀት ቅነሳ ከሚሸጥበት ከካርቦን ገበያ ገቢ ያገኛሉ። ባዶ ካንትሪ የተጠበቀ ሳይሆን የተተወ ነው።

«ቅዱስ ቦታ ከሆነ ሕግ ይጠብቀዋል» ማለት

ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ጁካን የሚባል ገደል አለ። እዚያ የነበሩት ዋሻዎች ሰው ከ46 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ የተጠለለባቸው ነበሩ። ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ የብረት ማዕድኑን ለማስፋት በ2013 ዋሻዎቹን የማፍረስ ፈቃድ ተሰጠው። በቀጣዩ ዓመት በተደረገ ቁፋሮ 4 ሺህ ዓመት የሆነው፣ ከሰው ፀጉር የተጎነጎነ መቀነት ተገኘ። ዲኤንኤው ዛሬ ካሉት የቦታው ባለቤቶች ጋር ተያያዘ። ሕጉ ግን አንዴ የተሰጠ ፈቃድ እንደገና የሚታይበትን መንገድ አላስቀመጠም። ሜይ 2020 ላይ ዋሻዎቹ በድማሚት ፈረሱ፤ ያውም በሕጋዊ ፈቃድ። ዋና ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ ሦስት ኃላፊዎች ከድርጅቱ ለቀቁ። በቦታው ግን ዋሻ የለም።

ኡሉሩን መውጣት

ቀዩ ትልቅ ዓለት በ1985 ለአናንጉ ሲመለስ፣ በዚያው ለመንግሥት ፓርክነት ለ99 ዓመት ተከራየ። አናንጉ እንግዶችን «እባካችሁ አትውጡት» ብለው ለዓመታት ለመኑ። ቦታው ቅዱስ ነው፤ በዚያ ላይ በካንትሪያቸው የመጣ እንግዳ ሲጎዳ ሐዘኑ የእነሱ ነው። ዓለቱ ላይ ከ35 በላይ ሰው ሞቷል። ኦክቶበር 26 ቀን 2019 መውጣት ተከለከለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሳያመልጠን እንውጣ ያለው ሰው ሰልፍ ሌላ ነበር።

አሁን የሚሄድ ሰው ዙሪያውን ይሄዳል። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጠዋት ይጀምሩ፣ ውሃ ይያዙ። መንገዱ ላይ ፎቶ አታንሱ የሚሉ ምልክቶች አሉ። እነሱ ጋ ሲደርሱ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱት።